ሐመሩ ሐ

ወንዙ ድፍርስ ነው፤ ከተማዋ ሀል ትባላለች፤
ማታ በሁለት ሰዓት ተኩል የሮተርዳሟ መርከብ ጡሩንባዋን ትነፋለች።
እኔ ያን ጊዜ ነው ሥራ የምገባ፦
የሽማግሌዎች ቤት፣ አሥራ ሰባት አልጋ፣ መስኮቱ ላይ የፕላስቲክ አበባ።

ሌሊት የሆነው ሁሉ በመዝገብ ይጻፋል፤
ማን ውሃ ጠጣ፣ ማን ሳለ፣ ማን ሲገላበጥ ያድራል።
አንድ ሌሊት የአምስት ቁጥሩ ሚስተር ታክሬይ
በእንቅልፉ ሳቀ። ምን አይቶ እንደሆን፣ እንጃ።
እንደ ሰማሁት ጻፍሁት፦ ኤል፣ ኤ፣ ኤፍ፤ በቃ።

ሲነጋ አየው፤ አየውና ሆዱን ይዞ ሳቀ፤
ጥርሱ ገና ብርጭቆ ውስጥ ነበር፣ ድዱ እንደ ሕፃን ድድ ደመቀ።
«ፊደል ገደልህብኝ!» አለኝ። አርባ ዓመት
ማተሚያ ቤት የእርሳስ ፊደል ለቅሟል፣ በቀንም በሌሊት፤
የጣቴ ጫፍ ዛሬም ጥቁር ነው ይላል፤
ለኔ አይታየኝም።

«ዩውስ ይቅር። ጂ እና ኤች የት ገቡ?
አይሰሙም፤ ግን አሉ።
የጥንቶቹ ከጉሮሮ ነበር የሚሉ፦
ህሌኅኀን!» (እዚህ ላይ ሳል ያዘው፤
ወይ ቃሉ ራሱ ሳል ነው።)
«የማዶዎቹ መርከበኞች ዛሬም ላኽን ይላሉ፣ አልጣሉትም።
እኛ ነን የጣልን፤ መጀመሪያ የፊቱን ትንፋሽ፣
ቀጥለን ጉሮሮውን ወደ ከንፈር አመጣን፤
ላፍ አልን፣
ሻማ እንደሚያጠፋ ሰው እፍ አልን።»

«የማይሰማ ፊደል ታዲያ ለምን ይጻፋል?» አልሁት።
«መቃብር ላይስ ስም ለምን ይጻፋል?» አለና
ጥርሱን ከብርጭቆው አወጣ።

ዝም አልሁ። ይስሐቅ ነው ስሜ፤
ባጄ ላይ «አይዛክ» ተብሎ፣ በደረቴ ተሸክሜ
ሦስት ዓመት ስዞር አላሰብሁትም፦
«ይስቃል» ማለት ነው። ሳራ በስተርጅና ስቃ፣
ሳቋን ልጇ ላይ ሰፋችው።
ግእዙ ሠሐቀ ይላል፤ በንጉሡ ሠ ጀምሮ፣
መሐል ላይ ሐመሩን ሐ አሳፍሮ።
እኛ ሳቀ አልን። ሐመር መርከብ አይደል? ሰጠመ፤
ውሃው ላይ አንድ ሰፊ ሳ ብቻ፣ ክቡን እያሰፋ ከረመ።

የኔታ ጽጌን ጠይቄያቸው ነበር፣ ልጅ ሳለሁ፦
«ሃሌታው ሀ፣ ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ…
የኔታ፣ ሦስቱም አንድ አይደሉም?»
«አንድ አይደሉም» አሉኝ፤ «እኛ ነን የደነቆርን።»

በየካቲት አጋማሽ የሚስተር ታክሬይ ደም አንጎሉ ውስጥ ፈሰሰ፤
ቃሉ ሁሉ ከእጅ እንዳመለጠ የፊደል ሳጥን ወለሉ ላይ ፈረሰ።
ውሃ ማለት አቃተው። የልጁን ስም አቃተው።
ከንፈሩ በቀኝ በኩል ተንጠለጠለ፤
እንኳን ላፍ፣ እፍ ማለትም አልቻለ።

አንድ ሌሊት ሹራብ ሳለብሰው፣ እጅጌው ጠፋብኝና
እጄ በአንገቱ ማስገቢያ ብቅ አለች፣
አፍንጫው ፊት ቆመች፣
ጎረቤት ልትጠይቅ እንደመጣች።

አያት።
ከዚያ ከሥር፣ ከሆድ፣ ከጉሮሮ ግድግዳ፣
ከእሱም ከኔም በፊት ከነበረ ጓዳ
መጣ፦
ኅ… ኅ… ኅ…

ሳል መስሎኝ ጀርባውን መታሁት። ሳል አልነበረም።
ጥቁሩን ጣቱን (ያን ሌሊት ጥቁር ነበር፣ እምላለሁ)
አንሥቶ ባጄ ላይ አሳረፈ፣ ስሜን በጥፍሩ ቆረቆረ፤
እኔም በተራዬ በስሜ ልክ ሳቅሁ፤
የአራት ቁጥሯ ግድግዳ እስክትደበድብ ድረስ።

መዝገቡን ከፈትሁ። አንድ ፊደል አልጎደለም፤
ጂውን ጻፍሁ፣ ኤቹን ጻፍሁ፣ ቀስ ብዬ፣
ሣር እንደሚያርም ሰው ጎንበስ ብዬ።
ከሥሩ «ምክንያት» የሚል ባዶ መስመር አለ።

ሹራብ፣ ብዬ ሞላሁት።